ዝገትና ጠመንጃ፤ የብረት ገጽ ሽፋን ምርጫ በአገራችን ታሪክ

ስለ ጠመንጃ በአገራችን የተጻፈው ታሪክ ጥቂት አይደለም። ማን ስንት ጠመንጃ እንደ ገዛ፣ በየትኛው ወደብ እንዳስገባ፣ በየትኛው ጦር ሜዳ እንደ ማረከ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘርዝረውታል። ፉከራውና ቀረርቶውም ጠመንጃን በስሙ እየጠራ ያወድሰዋል። ስለ ጠመንጃው ቆዳ፣ ማለትም ብረቱን ከአየርና ከውኃ ስለሚለየው ስስ ሽፋን ግን እምብዛም አልተጻፈም። ይሁን እንጂ በጦር ሜዳ ከተሰበረው ጠመንጃ ይልቅ በጎተራ፣ በጣራ ሥርና በመጋዘን ዝገት የበላው ሳይበዛ አይቀርም። ተኳሹ አንድ ቀን ይተኩሳል፤ ዝገት ግን ሌሊትና ቀን ሥራውን አያቋርጥም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጠመንጃ ብረት ሽፋን በውጭው ዓለም እንዴት እንደ ተለወጠ፣ ለውጡ ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባ፣ ዛሬም በሐዋሳና በአካባቢው ጠመንጃ ያለው ሰው ሽፋን ሲመርጥ ምን ማመዛዘን እንደሚገባው ማስረዳት ነው። የውጭ አገር ክንውኖች በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

ዝገት ምንድን ነው?

ብረት ከማዕድኑ ተለይቶ የሚወጣው በእሳትና በከሰል ኃይል ተገዶ ነው። ስለዚህ ዕድል ባገኘ ቁጥር ወደ ቀድሞ ጠባዩ፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር ወደ ተዋሐደው ሁኔታ ለመመለስ ይጥራል። ለዚህም ውኃና ኦክስጅን ያስፈልጉታል። ውኃው የግድ ዝናብ መሆን የለበትም፤ የአየሩ እርጥበት ከመቶ 60 ገደማ ካለፈ በኋላ ዓይን የማያየው የውኃ ሽፋን በብረቱ ገጽ ላይ ተንጣልሎ ሥራውን ይጀምራል። በዚህ ላይ ጨው ከተጨመረ የዝገቱ ፍጥነት እጅግ ይበረታል። ቀዩ ዝገት ከተገኘበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝና ፍርፍር ስለሆነ የታችኛውን ብረት አይከላከልም፤ እንዲያውም እርጥበትን እንደ ሰፍነግ ይዞ ያቆያል።

ነገር ግን የብረት ኦክሳይድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ማግኔታይት የሚባለው ጥቁሩ ኦክሳይድ ጥቅጥቅ ብሎ ከብረቱ ጋር ስለሚጣበቅ፣ ዘይት ከታከለበት የታችኛውን ብረት ይጠብቃል። የጠመንጃ ሠሪዎች ጥበብ ለብዙ ዘመን የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ቀዩን ጠላት ወደ ጥቁር ወዳጅ መለወጥ ነበር ሥራቸው።

ከነጭ ብረት ወደ ጥቁር ብረት

በ18ኛው ምዕት ዓመት የፈረንሣይ እግረኛ ወታደር የሚይዘው ጠመንጃ ምንም ሽፋን ያልነበረው፣ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ነጭ ብረት ነበር። ወታደሩ ዝገቱን በየጊዜው በአሸዋና በአመድ ሲፈትግ፣ ከዝገቱ ጋር ብረቱንም ይፍቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው ዘዴ በርሜሉን በአሲድነት ባለው ፈሳሽ ቀብቶ ሆን ብሎ ማዛግ፣ ልል የሆነውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ማራገፍና ይህንኑ ደጋግሞ ማድረግ ነው። እንዲሁ ቢተው ቡናማ ይሆናል፤ በፈላ ውኃ ቢቀቀል ግን ቀዩ ኦክሳይድ ወደ ጥቁሩ ይለወጥና ሰማያዊ ጥላ ያለው ጥቁር ገጽ ይሰጣል። ፈረንጆች ብሉዊንግ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሥራው ቀናት ይፈጃል፤ የሚጠይቀው ግን ትዕግሥት፣ ንጹሕ ውኃና ብሩሽ እንጂ ትልቅ ፋብሪካ አይደለም።

በ20ኛው ምዕት ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድና የናይትሬት ጨዎችን ውሕድ እስከ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አሙቆ ብረቱን በመንከር ተመሳሳይ ጥቁረት በደቂቃዎች ውስጥ ማግኘት ተቻለ። ለፋብሪካ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሆኖም ሽፋኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 ማይክሮን አይበልጥም፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ በብሉዊንግ የጠቆረ ብረት ዘይት ከተለየው ራቁቱን እንደ ቆመ ይቆጠራል።

ሁለተኛው መንገድ ፎስፌት ነው። በ1906 ቶማስ ኮስሌት የተባለው እንግሊዛዊ ብረትን በፎስፎሪክ አሲድ ፈሳሽ ውስጥ በማሞቅ ገጹን በፎስፌት ክሪስታል የሚሸፍንበትን ዘዴ አስመዘገበ። ዘዴው በ1915 በአሜሪካ በተቋቋመው የፓርከር ኩባንያ ተሻሽሎ ፓርከራይዚንግ የሚለውን ስም አገኘ። የአሜሪካ ጦር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ለስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ፣ ከዚያም ለሌሎች መሣሪያዎች ተጠቀመበት። ገጹ ሸካራ፣ ግራጫና ብርሃን የማያንጸባርቅ ነው። ጥቅሙ ሸካራነቱ ራሱ ነው፤ በክሪስታሎቹ መካከል ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዘይት መጥጠው ይይዛሉ።

በካራቫን የመጣ ብረት

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ለማሠራት ያደረጉት ጥረት የታወቀ ነው። የዚያ ሙከራ ቁም ነገር ሴባስቶፖል የተባለው ግዙፍ መድፍ ብቻ አይደለም፤ የጦር መሣሪያን ዕውቀት ከነምንጩ ወደ አገር ለማስገባት መታሰቡ ነው። ሙከራው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር አከተመ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጠመንጃ ተሠርቶ የሚመጣ፣ ሽፋኑም በሌላ አገር የሚወሰን ዕቃ ሆነ።

የእንግሊዝ ጦር በመቅደላ የያዘው ጠመንጃ ስናይደር የሚባለው ነበር፤ ሕዝባችን ስናድር ብሎታል። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ብዙ የረሚንግተን ጠመንጃ ማረከ። ፉዚል ግራ የተባለው የፈረንሣይ ጠመንጃ ደግሞ በእኛ አንደበት ውጅግራ ሆነ። ስሙን አገርኛ አደረግነው፤ ጥገናውን ግን ከስሙ ጋር አልወረስነውም።

እነዚህ ጠመንጃዎች ወደ ሸዋ የሚመጡበት መንገድ ለብረት እጅግ ክፉ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ የሸጣቸውን 2,000 ገደማ ጠመንጃዎች ከታጁራ ወደብ አንሥቶ በግመል ሸዋ ለማድረስ ከ3 ወር በላይ ፈጅቶበታል፤ ከጉዞው በፊትም በወደቡ ለብዙ ወራት ተጉላልቷል። የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ሙቀት፣ እርጥበትና ጨው በአንድነት የሚገኙበት ነው፤ ለዝገት ከዚህ የተመቸ ቦታ አይገኝም። ዕቃው ገና የደጋውን አየር ሳይቀምስ የመጀመሪያው ጉዳት በጠረፍ ይደርስበታል። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ መድረሱ ንግዱን ብቻ ሳይሆን የብረቱንም ዕድሜ የሚመለከት ለውጥ ነበር፤ በጨው አየር ውስጥ የሚያልፈውን ጊዜ ከወራት ወደ ቀናት አሳጠረውና።

በዚያ ዘመን የሚተኮሰው ጥይት በጥቁር ባሩድ የተሞላ ስለነበር ሌላም ችግር ነበረ። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል በበርሜሉ ውስጥ የሚተወው አመድ መሰል ቅሪት እርጥበት ይስባል። ከዚያ በኋላ ጭስ አልባው ባሩድ ቢመጣም፣ የጥይቱ መቀጣጠያ ለረዥም ጊዜ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ንጥረ ነገር ነበረበት። ይህ ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ማለትም ከገበታ ጨው ብዙ የማይለይ ጨው በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። ዘይት ጨውን አያሟሟም። በርሜሉን በዘይት ብቻ የሚወለውል ሰው ጨውን ከዘይት በታች ቀብሮ ጠላቱን ከቤቱ እንዳሳደረ ይቆጠራል። መድኃኒቱ የሞቀ ውኃ ነው፤ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት። ማዕድናዊ ዘይት በማይገኝበት ጊዜ የእንስሳት ቅባት ቢተካ እንኳ፣ ሲሻግት አሲድ ስለሚያመነጭ ጠባቂነቱ ጊዜያዊ ነው።

ከበልጅግ እስከ ክላሽንኮቭ

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊታቸውን በዘመናዊ መንገድ ለማደራጀት ሲነሡ፣ ከቤልጅግ አገር መኰንኖች አስመጥተው ነበር፤ የጦር መሣሪያም ከዚያው አገር ገዙ። ኤፍ ኤን የተባለው የሊዬዥ ፋብሪካ የሠራው የማውዘር ዓይነት ጠመንጃ በሕዝቡ ዘንድ በልጅግ እየተባለ ታወቀ። የጠመንጃው ብረት በብሉዊንግ የጠቆረ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ምልክትም የተቀረጸበት ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወርር ይህ ጠመንጃ በውጊያው ተሳተፈ፤ ከዚያም በኋላ በየዱሩና በየዋሻው ኖረ። ለሊዬዥ መጋዘን የተዘጋጀ ስስ ሽፋን በዝናብና በጤዛ ውስጥ ሲውልና ሲያድር ምን እንደሚደርስበት ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ኤም ዋን የተባለው ጠመንጃ ከነፎስፌት ሽፋኑ ወደ አገራችን ገባ። ውበት ፈላጊ ዓይን ግራጫውን ገጽ አልማረከውም ይሆናል፤ በጥበቃ ረገድ ግን ዘይት እስካላጣ ድረስ ከቀዳሚዎቹ የተሻለ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ ምንጫችን ወደ ሶቭየት ኅብረት ሲዞር ክላሽንኮቭ መጣ። በዚህ መሣሪያ የሚደነቀው ነገር የውጭው ሽፋን አይደለም፤ የበርሜሉ ውስጠኛ ግድግዳ በክሮም መለበጡ ነው። የሶቭየት መሐንዲሶች ጥይታቸው ጨው እንደሚተው፣ ወታደሩም ሁልጊዜ የሞቀ ውኃ እንደማያገኝ ያውቁ ነበርና መከላከያውን በሰው ትጋት ላይ ሳይሆን በብረቱ ላይ አኖሩት።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በእያንዳንዱ ዘመን ሽፋኑን የመረጠው ሠሪው ነው፤ የመረጠውም ለራሱ አየርና ለራሱ ሠራዊት ነው። ገዢው የዋጋ፣ የብዛትና የርቀት ጥያቄ አቅርቧል፤ «ይህ ብረት በእኔ አገር አየር ስንት ዓመት ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከዋጋው ድርድር በስተኋላ የቀረ ይመስላል።

የሐዋሳ አየርና የአዳኝ ጠመንጃ

ወደ ራሳችን አካባቢ እንምጣ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። የባሕር ጨው አያሰጋትም። የሚያሰጋት ዝናቡና የቀንና የሌሊት ሙቀት መራራቅ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜንና በስተምሥራቅ ያሉት የአርሲና የባሌ ተራሮች የደጋ አጋዘን አገር ናቸው። ይህ በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኝ እንስሳ በ1908 አይቮር በክስተን በተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ከተገደለ በኋላ በ1910 ሪቻርድ ሊደከር ለሳይንስ ዓለም አስተዋውቆታል። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ያላቸው አዳኞች ለራሳቸው ልክ ያሠሩትን ጠመንጃ ይዘው ወደነዚህ ተራሮች መጥተዋል።

እንዲህ ያለ ጠመንጃ በብርዱ ደጋ አድሮ ወደ ሞቃቱና እርጥበት ወዳለው ቆላማ ቤት ሲገባ ያልበዋል። ቀዝቃዛ ብረት በሞቃት አየር ውስጥ ያለውን ተን ወደ ገጹ ይስባልና። ባለቤቱ ወዲያው በቆዳ አፎት ከከተተው ጉዳቱ ይብሳል፤ ቆዳ እርጥበትን ይይዛል፣ ከማልፊያው የቀረ ጨውም ሊኖርበት ይችላል። እንግዲህ እንዲህ ላለው ጠመንጃ ሽፋን የሚመርጥ ሰው ከፊቱ የሚቀርቡለት አማራጮች የሚከተሉት ናቸው።

ብሉዊንግ ያምራል፤ የተቀረጸውን ጌጥና ጽሑፍም አያደበዝዝም። ነገር ግን ስስ ነው፤ የእጅ ላብ ያጠቃዋል፣ የባለቤቱን የዘወትር ትጋት ይሻል። የሙቁ ጨው መንከሪያ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በቆርቆሮና በእርሳስ ብየዳ የተያያዘ ከሆነም መጋጠሚያውን ያላላዋል። ለእንዲህ ያለው ጠመንጃ የሚስማማው ቀስ በቀስ በማዛግና በመቀቀል የሚሠራው አሮጌው ዘዴ ነው።

ፎስፌት የበለጠ ይጠብቃል፤ ብርሃን ስለማያንጸባርቅም ለአዳኝ ይመቻል። ሸካራነቱ ግን ስስ ቅርጻ ቅርጽን ያደበዝዛል። ያለ ዘይትም ጥበቃው ደካማ ነው።

ኒኬልና ክሮም ጠንካሮች ናቸው። ይሁንና ለባጩ አንድ ቦታ ላይ ከተሰነጠቀ ውኃው ከሥር ገብቶ ብረቱን ከዕይታ ውጭ ይበላዋል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ሽፋኑ ተቀርፎ ሲወድቅ ነው።

በቅርብ አሠርት ዓመታት የተስፋፉት በምድጃ የሚጋገሩ የፖሊመርና የሴራሚክ ቀለሞች ከሁሉ ይልቅ እርጥበትንና ላብን ይቋቋማሉ። ብረቱ በደንብ ካልጸዳና በአሸዋ ንፋስ ካልሸከረ ግን አይጣበቁም። ውፍረታቸውም በተንሸራታች ክፍሎች መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚቀንስ መለካት ያስፈልጋል።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ለዕለት ሥራ ለሚውል አዲስ የአደን ጠመንጃ ከውጭ የተጋገረ ቀለም ወይም ፎስፌት፣ ከውስጥ ደግሞ ከፋብሪካ በክሮም የተለበጠ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ በርሜል ይመረጣል። ቅርጻ ቅርጽና ጥሩ እንጨት ላለው ጠመንጃ ግን ቀስ በቀስ የሚሠራው ብሉዊንግ ተወዳዳሪ የለውም፤ ባለቤቱ ዘይት መቀባቱን ካልዘነጋ።

ሐይቁ መውጫ የለውም

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ስለ ጠመንጃው ነው። መሐንዲስ ግን የሚጠየቀው ስለ ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ከዕቃው ስለሚተርፈውም ነው። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ወደ ሐይቁ የገባ ከባድ ብረት ወደ ሌላ አገር አይሄድም፤ በደለሉና በዓሣው ውስጥ ይቀመጣል። በክሮም ለመለበጥ የሚያገለግለው ስድስት ቫለንስ ያለው ክሮሚየም ካንሰር አምጪ ነው። ለብጥ ሥራ የሚውለው ሳያናይድም መርዝነቱ የታወቀ ነው። ከጥንት የማዛጊያ ፈሳሾች አንዳንዶቹም የሜርኩሪ ጨው ነበረባቸው። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ገዝቶ የሚበላ ሰው ስለ ጠመንጃ ሽፋን ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ሽፋኑን የሚሠራው ግን ስለ ዓሣው ማወቅ አለበት።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት መሣሪያ ተተክሎለታል። ይህ የሐይቁን ጠባይ ያገናዘበ ውሳኔ ነው። ትንሹ የብረት ሥራ ቤትም በመጠኑ ይኸው ግዴታ አለበት። ፍሳሹን አጣርቶ የሚያስወግድበት መንገድ የሌለው ሰው የክሮምንም የሳያናይድንም ገንዳ ባይከፍት ይሻላል። በዚህም በኩል ቢታይ ሜርኩሪ በሌለው ፈሳሽ፣ በፈላ ውኃና በብሩሽ የሚሠራው አሮጌው ዘዴ ለከተማችን የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ሥራውም እንደ ማንኛውም የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በተደነገገው መሠረት በሕጋዊ ፈቃድ ብቻ የሚከናወን መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የአባት ጠመንጃ

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከአገራችን መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። የጎሽ ወይም የበሬ ጠፍር የተጠመጠመባቸው፣ የናስ ሚስማር የተመታባቸው ሰደፎች እዚያ በአድናቆት ይጠናሉ። በአገር ውስጥ ግን ከአያት የተወረሰውን በልጅግ ወይም ውጅግራ «እንዲያምር» አስፈግፍጎ አዲስ ጥቁረት ማስያዝ እንደ አክብሮት ይቆጠራል።

ይህ ከባድ ጥፋት ነው። አዲስ ሽፋን ከመያዙ በፊት ብረቱ መፋቅ አለበት። የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት፣ የፋብሪካው ማኅተምና መለያ ቁጥሩ ጥልቀታቸው ከሚሊ ሜትር ክፋይ አይበልጥም፤ የፈጋጊው ጎማ በጥቂት ደቂቃ ያጠፋቸዋል። ምልክቱ የጠፋበት ጠመንጃ ከየት እንደ መጣ፣ በማን ዘመን እንደ ተገዛ የሚመሰክርበት አንደበት የለውም። በአያቱ እጅ የተፈተገው የሰደፍ ጥግ፣ ተራራ ላይ የተላጠው የአፈሙዝ ዳር፣ እነዚህ ጉድለቶች አይደሉም፤ ጽሑፎች ናቸው። ለቤተ መዘክርም ሆነ ለቤተሰብ ቅርስ የሚመከረው ሽፋን ሽፋን ያለመጨመር ነው፤ የሚንቀሳቀሰውን ዝገት በዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ማስለቀቅ፣ ማድረቅ፣ ስስ የሰም ቅብ ማድረግ፣ ከቆዳ አፎት አውጥቶ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ።

እንግዲህ የሽፋን ምርጫ ትንሽ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ብረት ስንገዛ ኖረናል፤ ጠመንጃ፣ ድልድይ፣ ቧንቧ፣ የጣራ ቆርቆሮ። በግዢው ሰነድ ላይ ጥንካሬውንና ዋጋውን አጥብቀን የምንጽፈውን ያህል የገጹን ሽፋን፣ ውፍረቱንና የሚኖርበትን አየር ካልጻፍን ሠሪው ለራሱ አገር የሚበቃውን ይልክልናል፤ ቀሪውን ዝገት ይጨርሰዋል። የሙያ ባልደረቦቻችን በሚቀጥለው የግዢ ዝርዝራቸው ላይ ይህችን አንዲት መሥመር ቢጨምሩ ይህ ጽሑፍ ዋጋውን አገኘ ማለት ነው።